ከጉልበት በታች የሚቆም ሕመም

ወደ ቦንጋ ገበያ የሚያመሩት የእግር መንገዶች ቀይ ናቸው። የከፋ ገበሬ ቡናውን፣ ማሩን፣ ኮረሪማውንና ቆጮውን ተሸክሞ ለትውልዶች የተመላለሰባቸው በባዶ እግሩ ነበር። ክረምት ሲገባ ጭቃው ከእግር ጣቶች መካከል ገብቶ ይለጠፋል፤ በጋ ሲሆን ያው ጭቃ አቧራ ሆኖ የተሰነጠቀ ተረከዝ ውስጥ ይሞላል። ይህ አፈር ሰው ሊያሳምም ይችላል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ሕመሙ ግን ነበር። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች ደጋና ወይና ደጋ አገሮች የብዙ ገበሬ እግር በወጣትነቱ ማሳከክና ማቃጠል ይጀምረዋል። ቀስ በቀስ ያብጣል፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሻክራል። በየጊዜው እያገረሸ እግሩ እንደ እሳት ሲግል፣ ብሽሽቱ ሲያብጥና ትኩሳት ሲይዘው በሽተኛው ለቀናት ከአልጋ አይነሳም። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ምክንያቱ ሲጠየቅ አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው የሞተ እባብ ወይም እንቁራሪት ረግጦ ነው፣ የጠዋት ጤዛ ነው፣ በዘር የመጣ ነው ይላል። በዚህ የተነሳ በሽተኛው ከሕመሙ በላይ ፍርድ ተሸክሞ ኖሯል። ልጆቹ ለጋብቻ አይፈለጉም፤ እሱም ከዕድርና ከሰርግ ይርቃል።

የሕክምናው ዓለም ጥርጣሬ ያረፈው ደግሞ በትል ላይ ነበር። ለዚህ ምክንያት አልጠፋም። የከፋ ፈጣን ወንዞች የጥቁር ዝንብ መራቢያ ናቸው፤ ዝንቧም የኦንኮሰርኪያሲስን ትል ታስተላልፋለች። ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች በሽታው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መኖሩን የዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ከእነሱ በኋላ ኤ. ፒ. ኡመን የተባለ ሐኪም በያኔው ከፋ ጠቅላይ ግዛት ይህንኑ በሽታ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ውጤቱን አሳተመ። ትሉ ቆዳን ያሳክካል፤ ቅልጥም ላይ ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር ያወጣል። ያበጠ እግር የሚያይ ሐኪም መጀመሪያ ትል ቢያስብ አይገርምም።

ኡመን ግን እዚያ አልቆመም። ሁለት ዓመት ቆይቶ በአገሪቱ 56 ገበያዎች የተደረገ የእግር ቆጠራ ይዞ መጣ። ገበያተኛው ሁሉ ከየቀበሌው የሚሰበሰብበትን ቀን መጠቀሙ ብልሃት ነበር። ከታዩት ሰዎች 2.7 በመቶ ገደማ የሚሆኑት እግራቸው ያበጠ ሆኖ ተገኘ። በሽታው የበዛው ከጥቁር ዝንቧ ትል የተለየው የዝሆኔ ትል በማይገኝባቸው፣ ቀይ ሸክላ አፈር ባለባቸው ከፍተኛ ቦታዎች ነው። ደግሞም በዝሆኔ ትል የሚመጣው እብጠት ወደ ጭንና ብልት ሲወጣ፣ ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በታች ይቆማል።

ፍለጋውን ወደ መልስ ያደረሰው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በሽተኞች ብሽሽት ውስጥ ባሉ የሊምፍ ዕጢዎች እጅግ ደቃቅ የአፈር ማዕድን ቅንጣቶች አገኘ። ቅንጣቶቹ በባዶ እግር ቆዳ ዘልቀው ይገባሉ፤ የሊምፍ ቧንቧዎችን እያስቆጡ ያጠባሉ፣ በመጨረሻም ይዘጋሉ። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል። ፕራይስ ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ የሰየመውን ይህን በሽታ የሚያብራራ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1990 አወጣ። «በዘር የመጣ ነው» ያሉት ሽማግሌዎችም ከእውነቱ ብዙ አልራቁም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኢትዮጵያ ጥናት አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሮ ዘረ መላቸው ለዚህ አፈር ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸውን አሳይቷል።

በሽታው የሚገኘው ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታና በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ባለበት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ባለበት አገር ነው። የቦንጋ አካባቢ ሦስቱንም ያሟላል። ያው ዝናብና ያው አፈር ናቸው የከፋን ጫካ ቡና ያበቀሉት።

በሰሜን አፍሪካና በካናሪ ደሴቶችም በሽታው ነበር። ሕዝቡ ጫማ ሲለምድ ጠፋ።

በኢትዮጵያ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች በበሽታው እንደሚሠቃዩ ገምቷል። ቀደም ሲል በወላይታ የተሠራ ጥናት በሽተኛው ከሥራ ቀኑ 45 በመቶውን እንደሚያጣ አሳይቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች ጎራ የመደበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ለኦንኮሰርኪያሲስ ግን አይቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት በከፋ በዘመቻ መታደል የጀመረው ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ ነው። መድኃኒት ሲኖር ዘመቻ ይኖራል። አፈር ላመጣው ሕመም የሚታደል ክኒን የለም።

እንክብካቤ ግን አለ፣ በቤትም ይቻላል። እግር በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ጀርም የሚገድል መድኃኒት በተበጠበጠበት ውሃ ይዘፈዘፋል። በጣቶች መካከል ያለው እርጥበት ሳይቀር በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፣ ቅባት ይቀባል፣ ካስፈለገም በፋሻ ይጠቀለላል። ከዚያ ካልሲና ጫማ ይከተላል፤ ማታ እግር ከፍ ተደርጎ ይተኛል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሰዎችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህ እንክብካቤ ሲደረግ ሕመሙ በዓመት የሚያገረሽበት ጊዜ በአማካይ ከ23.9 ወደ 19.4 ዝቅ እንደሚል አረጋግጧል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ለገበሬ ግን በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ከአልጋ ተርፎ እርሻው ላይ መዋል ነው። ያበጠ እግር የሱቅ ጫማ ስለማይገባለት በልኩ የሚሰፋለት ጫማ ያስፈልገዋል። በከፋ ገጠር ሳሙና፣ ቅባትና ይህ ጫማ በየጤና ጣቢያው ሊገኙ፣ ልጆችም እግራቸው ሳያብጥ በፊት ተጫምተው ትምህርት ቤት ሊሄዱ ይገባል።