የሌንስ ንድፍ ሶፍትዌርና የፎገራ ሜዳ የሳተላይት ምስል

የሌንስ ንድፍ ሶፍትዌር፣ ሌንስ ከመሠራቱ በፊት የብርሃን ጨረር በእያንዳንዱ የመስታወት ገጽ ላይ የሚታጠፍበትን አቅጣጫ እያሰላ የምስሉን ጥራት አስቀድሞ የሚያሳይ መሣሪያ ነው።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና ማምጠቋ ይታወሳል። ለዚህ ዓይነቱ ካሜራ የሌንስ ጥራት ወሳኝ መሆኑን በወረታ ዙሪያ የሚገኘው ሩዝ አምራቹ የፎገራ ሜዳ ያስረዳል። ሜዳው የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሲሞሉ ይጥለቀለቃል።

ለምሳሌ በ600 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ የትኩረት ርዝመቱ 600 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሜራ፣ 10 ማይክሮ ሜትር ስፋት ባለው አንድ የምስል ነጥብ 10 ሜትር መሬት ይሸፍናል። ሌንሱ ብርሃኑን በሦስት ነጥቦች ላይ ከበተነው ግን በጎርፍ የተዋጠው ማሳ ከአጎራባቹ አይለይም፤ የጉዳት ግምቱም ይዛባል።

በመሆኑም ምስሉን ለውሳኔ የሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች ከነጥቡ ስፋት በተጨማሪ የሌንሱን የጥራት መግለጫ ሊመረምሩ ይገባል።