ሁለት ድስት

ልጅ ሆኜ ፋሲካ ሲደርስ እኛ ቤት ሁለት ዶሮ ይገዛ ነበር። አንዱ እዚያው ግቢያችን ይታረዳል። ሌላውን ታቅፌ ወደ ሙስሊሟ ጎረቤታችን ቤት የምወስደው እኔ ነኝ። ባለቤቷ "ቢስሚላህ" ብለው ያርዱታል፤ መልሼ አመጣዋለሁ። እናቴ ለብቻው በሚቀመጥ ድስት ትሠራዋለች። እሑድ እንግዳችን ስትመጣ ወጧ ይቀርብላታል፤ በጠላ ፈንታም ብርዝ ይበጠበጥላታል።

ይህ የእናቴ ፈሊጥ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ኋላ ታሪክ ማንበብ ስጀምር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1668 የዐፄ ፋሲል ልጅ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ አዘዙ። ትእዛዙ ቤተ እስራኤሎችንም ይመለከት ነበር። ሰፈሩ በአዋጅ ተለየ፤ ማዕዱን የለየው ግን ሥጋው ነው። የሌላውን እርድ መብላት ሃይማኖት እንደ መለወጥ ይቆጠር ነበርና።

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ መጀመሪያ ያረፈው በሙስሊሞች ሰፈር ነበር። ሥጋ ሞልቶ ሳለ እንዳልነካው ጽፏል፤ ቢበላ ክርስትናውን እንደ ካደ ይታይበት ነበር። ታዲያ ምን አገኘ? ዱቄትና ማር፤ ሁለቱም ወገን የሚበላውን። ይህን ሳነብ የእናቴ ብርዝ ትዝ አለኝ።

አንድ ፋሲካ ላይ ግን ጉድ ሠራሁ። እሑድ ጧት እናቴ "ወጡን እያየህ" ብላኝ ወጣ አለች። የእኛን ወጥ ባማሰልሁበት ማማሰያ የእንግዳዋንም አማሰልሁት። እናቴ ደረሰች።

"ማንም አላየን እኮ" አልኋት።

"እኔ አየሁ" አለች።

በቃ፣ ያን ወጥ እኛም አንበላው፣ እንግዳዋም አትበላው። ሃምሳ አምስት ቀን ተጾሞ የተሠራ ዶሮ! የሰፈሩ ውሻ ፋሲካን ፈሰከ። እናቴ ግን አልመታችኝም። "ሂድና እውነቱን ንገራት። ድስቷን ይዛ ትምጣ በላት" ብላ ላከችኝ። አንገቴን ደፍቼ ሄድሁ። ጎረቤታችን በሳቅ ፈርሳ ድስቷን ይዛ መጣች። "እሰይ! ዘንድሮ የተጠራሁት ለሥራ ነው?" እያለች ከእናቴ ጋር እንቁላል በቅቤ ጠበሱ። አብረን ዋልን።

በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ፋሲካ በዋለ በሁለት ቀኑ፣ ሙስሊሙ ረመዳንን እየጾመ ሳለ፣ ጎንደር ላይ በሼኽ ከማል ለጋስ ቀብር ላይ በተነሳው ጥቃት ሰው ሞተ፤ መስጊድ ተቃጠለ፤ ሱቅ ተዘረፈ። ያን ዜና ስሰማ ያ የታቀፍሁት ዶሮ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

አንዳንዱ ሰው "መለያየቱ የጀመረው ከሥጋው ነው" ይላል። እኔ አይመስለኝም። እናቴ የጎረቤታችንን ሥጋ በዕድሜዋ ቀምሳ አታውቅም፤ ጎረቤታችንም የእኛን። ግን አንዷ የሌላዋን ሕግ እንደ ራሷ ሕግ ትጠብቅ ነበር፣ ያውም ሰው በማያይበት ጓዳ። "ያው ሥጋ አይደል" ብሎ ማቅለሉ ይቀላል። እንግዳን ማክበር ግን እሱ የማይበላውን አውቆ ስለ እሱ መድከም ነው። ሰፈርን የለየው አዋጅ ይህን ድካም ሊከለክል አልቻለም። የእኛ ዘመን ግን ያለ አዋጅ እያስረሳን ነው።

ድስት ከተማ እንደማያድን አውቃለሁ። ቢሆንም ዘንድሮ ለፋሲካ ሁለት ዶሮ ገዛሁ። አንዱን ልጄ ታቅፎ ወደ ጎረቤት ወሰደው።

ማማሰያውም ሁለት ነው።