ዲስሌክሲያ (የንባብ እክል)

ዲስሌክሲያ አንድ ልጅ ዓይኑም ጆሮውም ጤነኛ ሆኖ፣ ከእኩዮቹ ጋር እኩል እየተማረ፣ ቃላትን በትክክልና አቀላጥፎ ማንበብና ሳይገድፍ መጻፍ የሚያቅተው እክል ነው። ከማሰብ ችሎታ ማነስ የሚመጣ አይደለም። ቃሉ ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ያወጡት ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ሩዶልፍ በርሊን ናቸው። በአማርኛ «የንባብ እክል» ማለት ይቻላል። «የንባብ ችግር» ካልን ግን መጽሐፍ ያላገኘውን፣ 80 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል የሚማረውንም ልጅ አብረን እንቆጥራለን። እክል ያለበት በደህና ሁኔታ ተምሮም ንባብ የሚከብደው ነው።

በርሊን ስያሜውን የሰጡት በአንጎል ሕመም ሳቢያ ማንበብ ለተሳናቸው አዋቂዎች ነበር። በ1896 ግን እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን፣ ፐርሲ ስለተባለ የ14 ዓመት ልጅ ጻፉ። ፐርሲ 749ን በ867 ፈጥኖና ሳይሳሳት ያባዛል፤ የገዛ ስሙን ሲጽፍ ግን ፊደላቱን አቀያይሮ «ፕሬሲ» አደረገው፤ ስህተቱም አልታየውም። ለዓመታት ያስተማረው መምህር፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ጎበዙ እሱ ይሆን እንደነበር መስክሯል።

የችግሩ ሥር በአብዛኛው ከዓይን ሳይሆን ከድምፅ ነው። ልጁ የሚሰማውን ቃል ወደ ትንንሽ ድምፆች ከፋፍሎ ከፊደል ጋር ማገናኘት ይከብደዋል። በአማርኛ እያንዳንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አጣምሮ ስለሚይዝ ነገሩ የራሱ መልክ አለው። በ፣ ቡ፣ ቢ የሚለያዩት በትንሽ ቅጥያ ነው። «ብርድ» ውስጥ ሦስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ አናባቢ የሚሰማው ግን ከ«ብ» በኋላ ብቻ ነው። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ «ገና አልመጣም» የምንለው ነው። ጽሑፉ ይህን አይነግረንም፤ አንባቢው ራሱ መሙላት አለበት።

ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ልጅ የሚጥለው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ክፍሉ በጋራ «ሀ ሁ ሂ» ሲል ልጁም አብሮ ይላል፤ ገበታውን በዜማ ስለሸመደደ ያወቀ ይመስላል። የቄስ ትምህርት ቤት «አ ቡ ጊ ዳ» ብሎ ቅደም ተከተሉን የሚያፋልሰው ልጁ ቅርጹን ለይቶ ማወቁን ለማረጋገጥ ነው። ሁለተኛ፣ የሳይንሱም የታሪኩም ፈተና በንባብ ስለሚሰጥ የሚያውቀውን ትምህርት ሁሉ በንባቡ ይወድቃል። ሦስተኛ፣ እርዳታው የሚመጣው ከወደቀ በኋላ ነው። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ ብዙ ልጆች ልዩ ድጋፍ የሚያገኙት የማሰብ ችሎታና የንባብ ውጤታቸው እጅግ ሲራራቅ ነበር። ልዩነቱ እስኪሰፋ ዓመታት ያልፋሉ፤ እስከዚያው ልጁ «ሰነፍ» ተብሏል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሕግ ስቴቶች ይህን መለኪያ ግዴታ እንዳያደርጉ ከለከለ።

የሚረዳው ነገር ይታወቃል። ድምፅን ከፊደል ጋር ከቀላል ወደ ከባድ፣ በቅደም ተከተልና በግልጽ ማስተማር፤ በትንሽ ቡድን፣ በየቀኑ፣ ብዙ ጊዜ እየደጋገሙ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መምህሩ ፊደላትን አዘበራርቆ እያሳየ ቢጠይቅ፣ «ሰላም» ከሚለው ላይ «ሰ» ሲነሳ ምን እንደሚቀር በቃል ቢያስመልስ የሚቸገረው ልጅ ቶሎ ይለያል። ለከፍተኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት፣ ጥያቄ የሚያነብለት ሰው፣ የቃል ፈተና ይጠቅማሉ። የተሳሳተውን ቃል ሃምሳ ጊዜ ማስገልበጥና በክፍሉ ፊት ድንገት አስነስቶ ማስነበብ ከማሸማቀቅ በቀር ፋይዳ የላቸውም።

በአሜሪካ የሚኖሩ አበሻ ወላጆች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። መምህሩ «እንግሊዝኛው ሲሻሻል ይስተካከላል» ቢላቸው ልጁ በአማርኛም ድምፅ መለየትና የሚያውቃቸውን ነገሮች ስም ቶሎ መጥራት ይቸግረው እንደሆነ ይመልከቱ። በሁለቱም ቋንቋ ከተቸገረ ጉዳዩ የቋንቋ ብቻ ላይሆን ይችላል። የልጁ ችሎታ በነፃ እንዲገመገም ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ መጠየቅ መብታቸው ነው፤ ዓመቱ እስኪያልቅም መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።