ገነተ ልዑል፦ ከቤተ መንግሥት ወደ ሕዝብ ሙዚየም

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ይገኛል። ከመርካቶ ራጉኤል አካባቢ የሚነሱ ጎብኚዎች በፒያሳ በኩል ሊደርሱበት ይችላሉ።

ሕንፃው ራሱ ቅርስ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው፣ ለምጽዋት በተሰበሰበው ሕዝብ ላይም ጭፍጨፋው የጀመረው በዚሁ ግቢ ነው። ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲው አበረከቱ፤ ተቋሙም እ.ኤ.አ. በ1963 ተመሠረተ።

በሙዚየሙ ጥንታውያን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች፣ መስቀሎች፣ ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያዎችና የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ይታያሉ። ሥዕሎቹን የእጅ ንክኪና ኃይለኛ ብርሃን ስለሚጎዳቸው፣ ለመጪው ትውልድ እንዲተላለፉ እያንዳንዱ ጎብኚ ጥንቃቄ ሊያደርግ ይገባል።