ከማር ግብር እስከ መኪና ሽርሽር፤ የጎጃም ጐዳና ታሪክ

«የወይን ጠጅ» የሚለውን ስያሜ ልብ ብሎ ለመረመረው አንባቢ፣ ስሙ የአገራችንን የመጠጥ ታሪክ ጠቅልሎ የያዘ ነው። አባቶቻችን ከወይን ፍሬ የሚወጣውን መጠጥ እንዲህ ብለው ሲሰይሙ፣ ጠጅ ግንዱ፣ ወይን ደግሞ ከቅርንጫፎቹ አንዱ መሆኑን መመስከራቸው ነው። በአውሮፓ ወይኑ ገንኖ የማር መጠጥ ተረስቷል፤ በእኛ ዘንድ ነገሩ ተገላብጦ ይገኛል። ስለዚህም ፈረንሳዊው በቦርዶ፣ ደቡብ አፍሪካዊው በስቴለንቦሽ ቅዳሜና እሑድ ወዳጆቹን በመኪና ጭኖ እየቀመሰ የሚውልበትን «የወይን አገር» በኢትዮጵያ ምድር እንፈልግ ብንል፣ ከወይን ተክል ይልቅ የንብ ቀፎ ወደሚበዛበት አገር ማቅናት ይኖርብናል። ከእነዚህም አንዱ ጎጃም ነው።

ወይን ፈጽሞ ባዕድ ነው ማለት ግን አይደለም። በ1762 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በካሮዳ አካባቢ ወይን ይጠመቅ እንደነበረ ጽፏል። ቤተ ክርስቲያንም ለቅዳሴ የሚሆናትን ከዘቢብ ታዘጋጃለች። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አዋሽ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርና አክሱማይት የተባሉትን ጠርሙሶች ለከተሜው አስለመደ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል በዝዋይ ካለማው የወይን ማሳ የመጀመሪያ ምርቱን ለገበያ አቀረበ። ሆኖም አባይን ተሻግሮ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ የሚጓዝ የወዳጆች ጓድ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው ጤፍ፣ በቆሎና ኑግ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ አደይ አበባውና ኑጉ ምድሩን ቢጫ ሲያለብሱት፣ የዓመቱ ጠጅ ከዚያ ቢጫ ውስጥ እየተሰናዳ መሆኑን የሚያውቅ መንገደኛ ግን ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አንድ ነው። መጠጡ ነው ወደ ጠጪው የሚጓዘው ወይስ ጠጪው ወደ መጠጡ?

ለብዙ መቶ ዓመታት የሚጓዘው መጠጡ ነበር። ገባሩ ከሚያገባው ግብር መካከል ማር ታላቅ ስፍራ ነበረው። በጉንዶ እየተለካ፣ በገባሩ ትከሻና በአጋሰስ ጀርባ እየተጫነ ወደ ባላባቱ፣ ከዚያም ወደ አገር ገዥውና ወደ ቤተ መንግሥቱ ጠጅ ቤት ይጋዝ ነበር። «ግብር» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ፊት አለው፤ ገበሬው የሚያገባው ግብር ነው፣ ጌታው በአዳራሹ የሚያበላውም ግብር ነው። ከጓሮ ወጥቶ ወደ አዳራሽ የገባው ማር በሁለቱ ትርጉሞች መካከል ያለውን ርቀት በእግሩ ተጉዟል ማለት ይቻላል። በአዳራሹም ጠጁ እንደ ማዕረግ ይታደል ነበር፤ የጠራውና የጠነከረው ለመኳንንቱ፣ የቀጠነው ለሠራዊቱ። ንቡን ያነባው ገበሬ በቤቱ የሚጠጣው ጠላ ነው። ሰሙም ቢሆን ለጧፍ ወደ ደብሩ ይሄዳል እንጂ ከእርሱ ዘንድ አይቀርም። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ወዳጆችን ሰብስቦ «ማር አገር ሄደን እንጠጣ» ማለት ትርጉም አልነበረውም፤ ማር በሚመረትበት ቦታ ጠጁን ማግኘት ከባድ ነበርና።

ለመጠጥ ሳይሆን ለውኃ ሲባል ወደዚህ አገር የመጡ ግን ነበሩ። በሚያዝያ 1610 ዓ.ም. የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የሆነው ፔድሮ ፓኤዝ ግሽ አባይ ደርሶ የአባይን ምንጭ አየ። ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ላይ ከዚያው ሲደርስ ከኮኮናት ቅርፊት በተሠራ ዋንጫ የምንጩን ውኃ ቀድቶ ለንጉሡ ለሣልሳዊ ጆርጅ ጤና ጠጣ። በጠጅ አገር መካከል ቆሞ ጽዋውን በውኃ ማንሣቱ ያስገርማል፤ ምንጩ ራሱ ግን ለአካባቢው ሰው ጠበል ነው።

ጎጃምን ከሸዋና ከቤጌምድር የሚለየው የአባይ ሸለቆ ነው። በ1618 ዓ.ም. በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከጢስ አባይ አጠገብ የአላታ ድልድይ ተሠራ፤ በኋላም በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ ዛሬ ሰባራ ድልድይ የሚባለው ከሞጣ በታች ቆመ። ሁለቱም ለእግረኛና ለበቅሎ የታሰቡ ነበሩ። ወደ ሸዋ በሚያሻግረው መንገድ ላይ ግን መንገደኛው በበጋ በመልካ ይሻገራል፣ በክረምት ደግሞ ውኃው እስኪጎድል ይቀመጣል።

አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ በሲድሌ መኪና ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ብዙ ወራት ከፈጀ ጉዞ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ። ጎጃም ግን መኪናን በስም እንጂ በዐይን ሳያይ ብዙ ቆየ። ከ1918 እስከ 1926 ዓ.ም. ገደማ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የጣናን ዙሪያና የአባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ ሲያነሣ የሚያጓጉዘው በቅሎ ነበር።

መኪና የሚያስኬድ መንገድ በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ተቆረጠ። ፋሺስቱ ጐዳናውን የቀየሰው ለሽርሽር እንዳልነበረ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ካሚዮኑ ወታደርና ጥይት ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ቡሬ፣ ወደ ዳንግላ ያመላልስ ነበር፤ አርበኛውም ጦርነቱን የገጠመው ከዚያው መንገድ ዳርና ዳር ሆኖ ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ የአገራቸውን ምድር ሲረግጡ፣ አብሮ የገባው ጦር ስንቁን የጫነው በግመል ነበር። ከሱዳን የተነሡት በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች በበለያ ዙሪያና በደጋው አቀበት አለቁ ማለት ይቻላል። ከዚያ ጦሩ ቡሬ ላይ ጠላት ከሠራው ጐዳና ጋር ተገናኘ፤ መጋቢት 28 ቀንም ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ለወረራ የተቆረጠው መንገድ ወራሪውን መሸኛ ሆነ።

ከዚያ ዘመን የቀረልን ጐዳናው ብቻ አይደለም። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው በሾፌሩና በመካኒኩ አፍ አማርኛ ሆነዋል፤ ቢራም ያው ነው። ወደ መጠጥ ቤቱ ጓዳ ስንዘልቅ ግን ባዕድ ቃል እምብዛም አናገኝም። ጌሾ፣ ብርዝ፣ ጥንስስ፣ ድፍድፍ፣ ጋን፣ በርሌ። መኪናው ከነቋንቋው ሲገባ ጠጁ ቋንቋውን ሳይለቅ ተቀበለው። ይህን ያቆዩት የቋንቋ ሊቃውንት ሳይሆኑ ጠማቂዎቹ ሴቶች መሆናቸው በጽሑፍ ሲወሳ አይታይም። ማሩን በውኃ በጥብጣ፣ ብርዙ በጋን ሲፈላ ጌሾውን በልኩ ጨምራ፣ ቀኑን ቆጥራ የምታጠል ሴት ልኬቱን ከእናቷ እጅ እንጂ ከመጽሐፍ አላገኘችውም። በአረቄው በኩልም የደብረ ማርቆስ ስም ከጎጃም ውጭ የታወቀው በእነርሱው ሙያ ነው።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጐዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ ለዚህም ዓለም ባንክ ቀደም ብሎ 5 ሚሊዮን ዶላር አበድሮ ነበር። እዚህ ላይ የመንገድ አድልዎ የሚባለውን ነገር መመልከት ይገባል። ከደጀን በኋላ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ለሁለት ይከፈላል። ምዕራቡ በደብረ ማርቆስ፣ በደንበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዳንግላ ይዞራል፤ ምሥራቁ በብቸና፣ በሞጣና በአዴት ያቋርጣል። አጭሩ ምሥራቁ ሆኖ ሳለ ዋናው ጐዳና የሆነው ግን ምዕራቡ ነበር። በዚህም ምክንያት ከአዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ፍኖተ ሰላም፣ ስሟም በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት የሆነው ከተማ፣ የአውቶቡስና የጭነት መኪና ማረፊያ፣ የምግብ ቤትና የመጠጥ ቤት ከተማ ሆነች። የይልማና ዴንሳዋ አዴት ከባሕር ዳር 42 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ ሳለች ለረጅም ዘመን የጠጠር መንገድ ከተማ ሆና ቆየች። በአዴት የሚጠጣው ጠጅ ከፍኖተ ሰላሙ ያንሳል የሚል ያለ አይመስለኝም፤ ያነሰው የሚያልፈው መንገደኛ ነው። አስፋልት ወደዚያ የዘለቀው በ2000ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከባሕር ዳር ተነሥቶ አዴት ደርሶ መመለስ የግማሽ ቀን ጉዳይ ሆኗል።

ገበሬው መንገድን በጥርጣሬ የተመለከተበት ጊዜም ነበር፤ ምክንያቱም አልጠፋውም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ፣ በተለይም የሞጣ፣ የብቸናና የደጋ ዳሞት ሰው፣ መሬቴ ይለካል፣ ርስቴ ይወሰዳል ብሎ በዐመፅ ተነሣ። መንግሥት ጦር አዘመተ፣ በአየርም ደበደበ፣ በመጨረሻም ግብሩን ለመተው ተገደደ። ማሩን በጉንዶ ያስረክብ የነበረው ሰው ልጅ፣ በላንድሮቨር የሚመጣው እንግዳ ምን ሊጠይቀው እንደሚችል ያውቅ ነበር።

ለደስታ የሚነዳ መኪና ብቅ ያለው በዚሁ ዘመን አካባቢ ነው። ቮልስና ሰይቼንቶ የገዛ የአዲስ አበባ ደመወዝተኛ ወዳጆቹን አሳፍሮ ወደ ደብረ ዘይት፣ ወደ አምቦና ወደ ሶደሬ መውጣት ጀመረ። የአባይን ቁልቁለት የሚደፍረው ግን ጥቂቱ ነበር። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መውጣት የፍሬንና የራዲያተር ፈተና ነው። ያም ሆኖ፣ ጉዞው ከባድ ቢሆንም፣ አቅጣጫው መገልበጡ እዚህ ላይ ነው፤ ጠጪው በገዛ ገንዘቡ ወደ ማሩ አገር መጣ፣ የጠጁም ዋጋ በጠማቂዋ እጅ ገባ። በእኔ አስተያየት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጉዳቱንም ሳንሸሽግ ብንናገር፣ በቅሎ የሰከረ ጌታዋን ተሸክማ ከደጁ ታደርሰዋለች፤ መኪና ግን እንደ ሾፌሩ ይሰክራልና ከጓዶቹ መካከል አንዱ በርሌውን ሳይነካ መዋል አለበት።

በ2000 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ከቀድሞው ድልድይ ጎን ተከፈተ፤ ጉዞው ቀለለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ይኸው ጐዳና ደጋግሞ ተዘግቷል፤ «የሰላም መንገድ» የተባለችውም ከተማ በዚያው ወር የአየር ጥቃት ደርሶባት የሰው ሕይወት ጠፍቶባታል። መንገድ ሲዘጋ በመጀመሪያ የሚቀረው የሽርሽር መኪና ነው፤ ከእርሱ ጋርም የጠማቂዋ ገቢ ይቀራል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪኩ እያዞረ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ ራሱ ባትሪውን ይሞላል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን አቀበት ሲጀምር ደግሞ የሞላውን መልሶ ይከፍላል። ደጀን ላይ ባትሪው እስኪሞላ የሚጠብቁት ወዳጆች፣ እንደ ጥንቱ የበቅሎ መንገደኛ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ለመቀመጥ በቂ ጊዜ ይኖራቸዋል።