ከ«ኒግሮ» ወደ «ቢላሊያን»፦ የዘር መጠሪያ እንዴት ያረጃል?

እ.ኤ.አ. በ1975 መጀመሪያ የ«ኔሽን ኦፍ ኢስላም» መሪ ኤላይጃ ሙሐመድ በአሜሪካ ሲሞቱ፣ በኋላ ኢማም ዋሪስ ዲን ሙሐመድ ተብለው የታወቁት ልጃቸው ዋላስ አመራሩን ተረከቡ። ተከታዮቻቸውንም ደረጃ በደረጃ ወደ ሱና መንገድ አቀረቧቸው። ከወሰዷቸው እርምጃዎች አንዱ ግን ብዙ ጊዜ አይወሳም። በዚያው ዓመት የድርጅቱ ጋዜጣ «ሙሐመድ ስፒክስ» መባሉ ቀርቶ «ቢላሊያን ኒውስ» ተባለ፤ የአሜሪካ ጥቁሮችም በቢላል ኢብን ረባሕ (ረ.ዐ) ስም «ቢላሊያን» ተብለው እንዲጠሩ ኢማሙ ሐሳብ አቀረቡ። ከሐበሻዊት እናት መካ ውስጥ የተወለዱት ሰሐቢ ስም፣ ከአሥራ ሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ ከውቅያኖስ ማዶ ላለ ሕዝብ መጠሪያ ይሆን ዘንድ ታጨ።

ያ ሕዝብ አዲስ ስም የፈለገው ለምን ነበር? ጥያቄው የአሜሪካ ታሪክ ብቻ አይደለም። የቢላልን ታሪክ ለደረሶች የምንተርክ መምህራንና በሚንበር ላይ የምናወሳ ኢማሞችም መልሱ ይመለከተናል።

«ኒግሮ» የሚለው ቃል መነሻው የስፓኝና የፖርቱጋል ቋንቋ ሲሆን፣ ፍቺውም «ጥቁር» ማለት ብቻ ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው ግን ከባሪያ ንግድ ጋር ነው። በሽያጭ ውልና በንብረት መዝገብ ላይ ስለተጻፈ፣ ቀለምን ሲያመለክት ደረጃንም አብሮ ያመለክት ጀመር። ባርነት በ1865 በሕግ ከተሻረ በኋላም ይህ ሸክም ከቃሉ ላይ አልወረደም።

ያም ሆኖ ቃሉ በአንድ ጀምበር ነውር አልሆነም። በ1909 የተመሠረተው ታዋቂው የጥቁሮች መብት ማኅበር በስሙ ውስጥ ያስገባው «ከለርድ» ማለትም «ባለ ቀለም» የሚለውን መጠሪያ ነበር፤ እስከ ዛሬም አልለወጠውም። ከዚያ ወዲህ ብዙ የጥቁር ምሁራን «ኒግሮ» የሚለው ይሻላል ብለው ስለ ክብሩ ተሟገቱ። ከድካማቸው ፍሬዎች አንዱ ትልቅና ትንሽ ፊደል በማይለየው በእኛ አጻጻፍ የማይታይ ነው፦ ኒው ዮርክ ታይምስ በ1930 ቃሉን እንደ ማንኛውም ሕዝብ ስም በትልቅ ፊደል ጀምሮ ለመጻፍ ወሰነ። ማርቲን ሉተር ኪንግም በ1963 በዋሽንግተን ባሰሙት ዝነኛ ንግግር ወገናቸውን ደጋግመው የጠሩት በዚሁ ቃል ነው።

ቃሉን ቀድመው ከተቃወሙት መካከል ግን በእስልምና ስም የተነሡ ቡድኖች ይገኙበታል። በ1920ዎቹ በቺካጎ የታወቁት ኖብል ድሩ ዓሊ ተከታዮቻቸውን «ኒግሮ»ም «ጥቁር»ም «ባለ ቀለም»ም አይደላችሁም፣ «ሙሮች» ናችሁ እያሉ አስተማሩ፤ ይህን የሚገልጽ መታወቂያም ሰጧቸው። በ1930 በዲትሮይት የተጀመረው ኔሽን ኦፍ ኢስላም ደግሞ «ኒግሮ ተብዬው» የሚል አነጋገር አስፋፋ፤ አባላቱም ከባሪያ አሳዳሪዎች የወረሱትን የቤተሰብ ስም ጥለው በምትኩ «ኤክስ» የሚለውን ፊደል ያዙ። የሁለቱም ቡድኖች ትምህርት ከእስልምና ዐቂዳ የራቀ እንደነበር ዑለማዎች ያስረዱት ነው። ስለ ስም ያነሡት ጥያቄ ግን እውነተኛ ጥያቄ ነበር፦ ሰው እስከ መቼ ገዢው ባወጣለት ስም ይጠራል? ማልኮም ኤክስ በ1964 ኔሽን ኦፍ ኢስላምን ትተው ሐጅ ካደረጉ በኋላ ላቋቋሙት ድርጅት የመረጡት ስም «አፍሮ አሜሪካዊ» የሚል ነበር።

ከ1966 በኋላ ለውጡ ፈጠነ። ቀድሞ ብዙዎች እንደ ስድብ ይቆጥሩት የነበረው «ብላክ» ማለትም «ጥቁር» የሚለው ቃል የኩራት ስም ሆነ፤ ትናንት የተከበረው «ኒግሮ» የሽማግሌዎች ቃል ሆኖ ቀረ። በ1988 ጄሲ ጃክሰን «አፍሪካዊ አሜሪካዊ» የሚለው መጠሪያ እንዲለመድ ጥሪ አቀረቡ። የመንግሥት ወረቀት ግን ከሕዝቡ አንደበት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። «ኒግሮ» በ2010 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ ገና ይገኝ ነበር፤ እንዲወጣ መወሰኑ የተገለጸው በ2013 ነው። በ1970ዎቹ ከወጡ ሁለት የፌዴራል ሕጎች ውስጥ ቃሉን የሚሰርዘው ሕግ የተፈረመው ደግሞ በ2016 ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ታላቁ ምሁር ዱ ቦይስ በ1928 «ኒግሮ» የሚለው ቃል እንዲቀር ለጠየቃቸው ወጣት ሲመልሱ፣ ስም መለወጥ ነገሩን እንደማይለውጥ፣ ንቀቱ ካልጠፋ አዲሱም ስም እንደሚናቅ አስረድተዋል። ታሪክ በከፊል እውነታቸውን አሳይቷል። «ቢላሊያን» ራሱ ዕድሜው አጭር ነበር፤ በ1980ዎቹ ጋዜጣው ሌላ ስም ይዞ፣ በመጨረሻም «ሙስሊም ጆርናል» ተባለ። ይሁንና ንቀት ከስም ጋር አብሮ አይቀርም ማለት፣ የተናቀውን ሰው በማይወደው ስም ለመጥራት ፈቃድ አይሆንም። አንድ መጠሪያ አረጀ የምንለው ድምፁ ስለከፋ ሳይሆን፣ ሰውን ከወጣበት ሁኔታ ጋር አስሮ ስለሚያቆየው ነው። ማሰሪያው መጥበቁን አስቀድሞ የሚያውቀውም የታሰረው ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ሱረቱል ሑጁራት በመጥፎ ቅጽል ስም መጠራራትን ከልክላለች። በቡኻሪ እንደተዘገበው አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ባነወሩት ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገና የጃሂልያ ጠባይ እንዳለባቸው ነግረው ገሥጸዋቸዋል፤ ከዘገባዎች አንዳንዶቹ ተነዋሪው ቢላል እንደነበሩ ያመለክታሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አሳዳሪው በእጁ ያለውን ሰው «ባሪያዬ» ከማለት ተቆጥቦ «ልጄ»፣ «ወጣቴ» ወደሚል አጠራር እንዲመለስ ማዘዛቸውም በሁለቱ ሰሒሖች ይገኛል። ባርነት በኖረበት ዘመን እንኳ አጠራሩ እንዲታረም ታዝዟል ማለት ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ ስለ ቢላል ሲናገሩ፣ አቡበክር ነፃ ያወጧቸውን እኚህን ሰው «ሰይዳችን» ሲሉ አክብረዋቸዋል።

እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ። በደርስም ሆነ በኹጥባ ቢላልን «ጥቁሩ ባሪያ» ብሎ ማስተዋወቅ ዛሬም የተለመደ ነው። ተናጋሪው የሚያስበው እስልምና ከፍ ያደረጋቸውን ሰው ማወደስን ነው። ነገር ግን ዑመር «ሰይዳችን» ያሏቸውን፣ በመካ ፈትሕ ቀን ከካዕባ ጣሪያ ላይ አዛን ያሰሙትን ሰው፣ አቡበክር ወዳወጧቸው ቦታ እየመለሰ ይጠራቸዋል። በአማርኛችን ደግሞ «ባሪያ» ሁለት ፊት አለው። «የአላህ ባሪያ» ስንል ከክብር ሁሉ የላቀ ክብር ነው፤ ሰው ሰውን ሲጠራበት ግን በ1934 ዓ.ም. አዋጅ በሕግ የተሻረውን ባርነት በንቀት መልክ ያስቀጥላል። የምዕራብ ጠረፍ ሕዝቦች በጅምላ የተጠሩበት «ሻንቅላ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። በመስጊዳችን ሰፍ ውስጥ ከእነዚህ ሕዝቦች የተወለደ ደረሳ ቆሞ ይሆናል፤ ቃሉን ስንናገር መምህሩ ስለ ታሪክ ያወራል፣ ልጁ ስለ ራሱ ይሰማል።

ከዚህ ተነሥተን የቆዩ መጻሕፍትን እንፋቅ ማለታችን አይደለም። በኪታብ ወይም በታሪክ ሰነድ የተጻፈው ቃል እንደተጻፈ ይነበብ፤ መምህሩም በምን ዘመን፣ በማን አንደበት፣ በምን ሁኔታ እንደተነገረ ያስረዳ። ከራሱ አፍ የሚወጣው ግን የራሱ ኃላፊነት ነው። ስለ ቢላል (ረ.ዐ) ስንጀምር «በባርነት ተይዘው የነበሩ» ማለት ይቻላል፤ ይህ የደረሰባቸውን በደል ይናገራል፣ ማንነታቸውን አይወስንም። ከዚያም የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚን እንበላቸው። ጎረቤቶቻችንን፣ ጉሙዙንም በርታውንም፣ ራሳቸው በሚጠሩበት ስም እንጥራ። ደረሶቻችንም አጠራሩን ከእኛ ይማሩታል።