ገነተ ልዑልን እናውቀዋለን ወይ?

ስድስት ኪሎ ግቢ የምንመላለስ ሁላችን በገነተ ልዑል ደጅ እናልፋለን፤ ስንቶቻችን ግን ቆም ብለን አይተነዋል?

ፋሺስቶች በደጁ ያቆሙት የሲሚንቶ ደረጃ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ የሙሶሊኒን የሥልጣን ዘመን በየእርከኑ ይቆጥር ነበር። ከድል በኋላ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ጉብ አለበት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር ደግሞ በአረንጓዴው ሳሎን ከታገቱት ባለሥልጣናት ብዙዎቹ በጥይት ተረሸኑ። በዓመቱ ቤተ መንግሥቱ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ፤ ኋላም ሙዚየም ገባበት።

ዛሬ የንጉሡ መኝታ ቤት ለጎብኚ ክፍት ነው። በላይኛው ፎቅ መስቀሎችና የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ የብዙዎቹ ሠዓሊዎች ስም እንኳ አይታወቅም። እኛ ግን የምንጋፋው ወደ አልጋው ነው። እስቲ ከእንግዲህ ከሥዕሎቹም ፊት እንቁም፤ ታሪክን የሠሩት ባለአልጋዎች ብቻ አይደሉምና።